መንሳህ ሁሉ ዘመድ አይደለም፦ ስለ አንድ የስም ፍለጋ ዌብሳይት

ለቸኮለ ሰው ባጭሩ ልንገራችሁ፣ ካርታው አሪፍ ነው፣ ነጻም ነው፣ ተጠቀሙበት። «የስሙ ታሪክ» ሚለውን ክፍል ግን እንዳለ እንዳትቀበሉት፣ ሚከፈልበትን ደሞ ለአፍሪካ ስም ብላችሁ እንዳትገዙት። በቃ ፍርዴ ይሄ ነው፣ ከዚህ በታች ያለው ጊዜ ላለው ሰው ነው፣ ረዘም ይላል።

ዌብሳይቱን በስም አልጠራውም፣ አንደኛ ማስታወቂያ መስራትም ስም ማጥፋትም አልፈልግም፣ ሁለተኛ እንደዚህ አይነቶቹ ብዙ ናቸው፣ አንዱን ያየ ሌላውንም አየ። የቤተሰብ ስም ትጽፉለታላችሁ፣ እሱ የዓለም ካርታ ያወጣና ያ ስም ያላቸው ሰዎች ሚበዙበትን አገር ደማቅ ሰማያዊ፣ ጥቂት ያሉበትን ፈዛዛ አርጎ ያሳያችኋል። ከስሩ የአገር ዝርዝር አለ፣ ከዛ ስለ ስሙ መነሻ ሚያወራ አንድ አጭር አንቀጽ፣ ከዛ «የቤተሰብዎን መዝገብ ይመልከቱ» ብሎ ካርድ ቁጥር ሚጠይቅ ትልቅ ብርቱካናማ በተን። በተኑ የትም ብትሄዱ ይከተላችኋል።

እኔ ጎንደር አስጎብኚ ነኝ። እንግዳ ከመምጣቱ በፊት የስም ዝርዝር በቴሌግራም ይላክልናል፣ እና ስሙን ቀድሞ አይቶ እንዴት እንደሚጠራ ማወቅ የስራው አካል ነው፣ ሰው ስሙን አስተካክለህ ስትጠራው ፊቱ ይፈታል፣ ገና የፋሲል ግቢ በር ላይ ሳትደርሱ ወሬ ይጀመራል። ዝርዝሩ ላይ አሁን አሁን ፓስፖርቱ የሆላንድ ወይ የጀርመን፣ ስሙ ግን የምዕራብ አፍሪካ የሆነ እንግዳ ይመጣል። ለጥምቀት የመጡት መንሳህ ሚባሉ እናትና ሁለት ልጆቻቸውም እንደዛ ነበሩ፣ ከአምስተርዳም። ሹፌራችን ጭራሽ «እትዬ መንሳህ» እያለ ነበር ሚጠራቸው፣ እሳቸውም ወደውት ነበር። እሳቸው ዌብሳይቱ ላይ ከፍለው የገቡ ስለሆኑ ሚከፈልበትን በሳቸው ስልክ አብረን አየነው፣ ነጻውን ደሞ እኔ በራሴ ስልክ ብዙ የጋና ስም እየጻፍኩ ፈተሽኩት። ዓመተ ምህረቱን ከዚህ በኋላ በፈረንጅ ነው ምጽፈው፣ እንዳያደናግራችሁ።

መጀመሪያ ጥሩውን እንናገር። መንሳህ ብላችሁ ስትጽፉ ጋና ትደምቃለች፣ ከጎኗ ቶጎና ቤኒን፣ ከዛ ባህር ማዶ እንግሊዝ፣ አሜሪካ፣ ጀርመን፣ ሆላንድ፣ ጣሊያን፣ ካናዳ። ይሄ ስዕል ልክ ነው፣ ጋናውያን የሄዱበትን መንገድ ነው ሚያሳየው። እንግሊዝ ቅኝ ገዢያቸው ስለነበረች ተማሪውም ነርሱም ወደዛ ነው የሄደው፣ ነጻ የወጡት በ1957 ነው። ትልቁ ፍልሰት ግን የመጣው ኢኮኖሚው ሲወድቅ ነው። 1983 ለነሱ ክፉ ዓመት ነበር፣ ድርቅ፣ የሰደድ እሳት፣ በዛ ላይ ናይጄሪያ ስራ ፍለጋ ሄደው የነበሩትን ጋናውያን በአጭር ቀነ ገደብ ውጡ ብላ አባረረች፣ ሚሊዮን አካባቢ ሰው ማለት ነው። ያቺ ባለ ቼክ የላስቲክ ሻንጣ፣ እዚህ ቅዳሜ ገበያ ሁሉም ሚገዛት፣ ናይጄሪያ ውስጥ እስካሁን «ጋና ይውጣ» በሚል ስም ነው ምትጠራው፣ ሰው እቃውን ጠቅልሎ የወጣው በሷ ስለሆነ። ከዛ በኋላ ነው ሀምቡርግ፣ የአምስተርዳሙ ቤይልመር ሰፈር፣ የሰሜን ጣሊያን ፋብሪካዎች፣ ኒውዮርክ ውስጥ ብሮንክስ በጋናውያን የሞሉት። እትዬ መንሳህም ቤይልመር ነው ሚኖሩት።

ካርታው ላይ ሁለት ምርጫ አለ፣ አንዱ ጠቅላላ ብዛት፣ ሌላው ከስንት ሰው አንዱ ሚለው። ሁለተኛውን ተጠቀሙ። ጠቅላላ ብዛት ካላችሁ አሜሪካ ሁሌም ትደምቃለች፣ ምክንያቱም ህዝቧ ብዙ ነው፣ ምንም አይነግራችሁም። ይቺን ነገር ዌብሳይቱ የትም አላብራራትም።

እዚህ ድረስ አምስት ኮከብ እሰጠው ነበር።

ችግሩ ሚጀምረው ከካርታው ስር ነው። ዌብሳይቱ የቤተሰብ ስም ማለት ከአንድ አባት ተነስቶ ከልጅ ልጅ እየወረደ ሚሄድ ነገር ነው ብሎ ያስባል፣ እንደ እንግሊዝ ወይ ጀርመን። ስለዚህ ካርታው ላይ ከጋና ወደ ሌላው አገር ቀስት ይስላል፣ «የመንሳህ ቤተሰብ ስርጭት» ይለዋል። የመንሳህ ቤተሰብ ሚባል ነገር ግን የለም! መንሳህ ማለት ሦስተኛ ወንድ ልጅ ማለት ነው። የጋና ህዝቦች የሆኑት አካኖቹም፣ ኤዌዎቹም፣ ጋዎቹም ይጠቀሙበታል። ሦስተኛ ወንድ የወለደ ሁሉ መንሳህ ይላል፣ አራተኛው አናን ነው፣ አምስተኛው አኑም፣ ስድስተኛው ንሲያ፣ ዘጠነኛው ንክሩማ፣ አስረኛው ባዱ። አዎ ንክሩማ፣ አዲስ አበባ አፍሪካ ህብረት ግቢ ሀውልታቸው የቆመላቸው ክዋሜ ንክሩማ፣ ክዋሜ ሚለው ደሞ ቅዳሜ የተወለደ ወንድ ማለት ነው። ስለዚህ አክራ ያለው መንሳህና ኩማሲ ያለው መንሳህ ሁለት ሦስተኛ ልጆች እንጂ ሁለት ዘመዳሞች አይደሉም። ሰው ተነስቶ ጎንደር፣ ደሴና አዋሳ ያሉትን ተስፋዬዎች ቆጥሮ «የተስፋዬ ጎሳ ስርጭት» ብሎ ካርታ ቢስልልህ ምን ትለዋለህ፣ ትስቃለህ፣ እሱ ነው የተሰራው።

ሰዎቹን ብቻ ተመልከቱ። ቶማስ መንሳህ ሚባሉ ሁለት ትልልቅ ሰዎች አሉ፣ አንዱ ሀምቡርግ ያለው የባህር ህግ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የነበሩት ዳኛ፣ ሌላው አሜሪካ የኖሩት የፋይበር ኦፕቲክስ መሃንዲስ። በርናርድ መንሳህ ሚባሉ ሁለት ኳስ ተጫዋቾችም አሉ፣ አንዱ አክራ አንዱ ለንደን አካባቢ፣ ሁለቱም በ1994 የተወለዱ። የሃይላይፍ ሙዚቃ ንጉስ ሚባሉት ኢ.ቲ. መንሳህ አሉ፣ የጋና ብሄራዊ ቡድን አምበል የነበረው ጆን መንሳህ አለ። ዌብሳይቱ እነዚህን ሁሉ «ታዋቂ የቤተሰቡ አባላት» ብሎ አንድ ሳጥን ውስጥ ከቷቸዋል። ኧረ ተው ጃል!

ሌላው ያልገባው ነገር ደሞ፣ አካኖቹ ጋ ዘር ሚቆጠረው በእናት ነው፣ ጎሳህ የእናትህ ጎሳ ነው፣ ስም ሚያወጣው ግን አባት ነው፣ ልጁ በተወለደ በስምንተኛው ቀን ከቤት ወጥቶ ለዘመድ ሲታይ። አባት ደሞ የራሱን ስም መስጠት ግዴታው አይደለም፣ የሚያከብረውን አጎት ወይ ወዳጅ ስም ሊያወጣለት ይችላል። ስለዚህ ድሮ አንድ ቤት ውስጥ አምስት ወንድማማች አምስት የተለያየ ስም ይዘው ማደጋቸው ሚገርም አልነበረም። «የቤተሰብ ስም አምጣ» ያላቸው ሚሲዮንና ትምህርት ቤት ነው። ከስዊዘርላንድ የተላኩት የባዝል ሚሲዮን ሰዎች የደረሱት በ1828 ነው፣ ሜቶዲስቶቹ በ1835፣ ከዛ ልጅ ሲመዘገብ ወይ ሲጠመቅ መዝገቡ ላይ ሁለተኛ ስም መጻፍ አለበት፣ የዛን ቀን አባትየው ሚጠራበት ስም ምንም ይሁን ምን እሱ ይጻፋል፣ እዛው ላይ ይቆማል፣ ከዛ ወዲህ የተወለደው ሁሉ፣ ሴቱም የመጀመሪያ ልጁም፣ መንሳህ ሆኖ ይቀራል።

እትዬ መንሳህ ስልካቸው ላይ የአያታቸው የጥምቀት ወረቀት ፎቶ አላቸው። ወረቀቱ በእጥፋቱ ላይ ተበጣጥሷል፣ በፕላስተር ተያይዟል፣ ቀለሙ ቡኒ ሆኗል፣ ስሙ መጨረሻ ላይ ያለችው የእንግሊዝኛዋ «ኤች» የለችም። የአባታቸው ፓስፖርት ላይ ኤችዋ ገብታለች፣ ማን እንደጨመራት ሚያውቅ የለም፣ ምናልባት ጸሀፊው። የአያታቸውን ወንድሞች ስም በጣታቸው እየቆጠሩ ነገሩኝ፣ አንዱ ኦዉሱ፣ አንዱ አናን፣ አንዱ አፒያ፣ አራቱም ያንድ እናት ልጆች። ልጆቻቸው ዛሬ ሦስት አገር ተበትነው በአራት የቤተሰብ ስም ይጠራሉ፣ ሰርግ ላይ ሚገናኙ ትክክለኛ ዘመዳሞች ማለት ነው። ዌብሳይቱ እነዚህን አራቱን አራት የማይገናኙ ዘሮች አርጎ፣ የማይተዋወቁትን አገር ሙሉ መንሳህ ደሞ አንድ ቤተሰብ አርጎ ነው ያስቀመጠው። ልጅየው፣ የ14 ወይ 15 ዓመት ልጅ፣ «ታዲያ ይሄ ነገር ምንድነው ሚያሳየን» አለ፣ እናትየው ሳቁ።

የፊደል ነገር ደሞ ሌላ ጣጣ ነው። ኤች ያላትና የሌላት መንሳህ ዌብሳይቱ ላይ ሁለት ስም ናቸው፣ ሁለት ካርታ አላቸው። አጄይ ሚለው ስም በ«ዲጄ»ም በ«ጂዋይ»ም ይጻፋል፣ አነባበቡ አንድ ነው፣ ዌብሳይቱ ግን አያገናኛቸውም። ሰኞ የተወለደ ወንድ ክዋድዎ ነው ሚባለው፣ ሲጠራ ክዋጆ ነው፣ የባህር ዳርቻዎቹ አካኖች፣ ፋንቴዎቹ፣ ኮጆ ይሉታል፣ ኮትዲቩዋር ያሉት አካኖች በፈረንሳይኛ ኩዋዲዮ ብለው ይጽፉታል፣ ካሪቢያን ደርሶ ከጆ ይሆናል። አራት አምስት ቦታ የተቆራረጠ ካርታ ይሰጣችኋል፣ አንዱን ብቻ ያየ ሰው ስሙ ኮትዲቩዋር ውስጥ የለም ብሎ ይደመድማል። ምክሬ፣ ሁሉንም አጻጻፍ ለየብቻ እየጻፋችሁ ስክሪንሾት አንሱና ራሳችሁ ደምሩት። እዚህ ኔትወርክ ሲጠፋም ስክሪንሾቱ ይጠቅማችኋል።

ቶጎና ቤኒን ላይ ያለው ቀስት ከሁሉም በላይ ነው ያናደደኝ። ከጋና ወደ ቶጎ «የፈለሰ» ይላል። ማንም አልፈለሰም፣ ድንበሩ ነው በላያቸው ላይ የሄደው! ቶጎ የጀርመን ቅኝ ግዛት ነበረች፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለት ተካፈሏት፣ የእንግሊዙ ክፍል በ1956 ድምጽ ሰጥቶ ከጋና ጋር ተቀላቀለ፣ የፈረንሳዩ ዛሬ ቶጎ የምንላት ሆነች፣ የኤዌ ህዝብ ከዚህም ከዛም ቀረ። ስለዚህ ሎሜ ያለው መንሳህ አያቱ እዛው ነው የተቀበረው፣ የትም አልመጣም። መተማና ገላባት አፍንጫና አፍ ሆነው እያየን ለምናድግ የዚህ አካባቢ ሰዎች ይሄ ለመረዳት ከባድ ነገር አይደለም፣ ቀስቱን የሳሉት ሰዎች ግን አልታያቸውም።

ካሪቢያንና አሜሪካ ደሞ ተቃራኒው ነው፣ እዛ እውነተኛ ፍልሰት ነበር፣ ያውም በሰንሰለት፣ ዌብሳይቱ ግን ቀስት እንኳን አልሳለም። ከፊ ሚል የቤተሰብ ስም አለ አሜሪካ ውስጥ፣ ዌብሳይቱ «መነሻው አሜሪካ» ብሎ ያልፈዋል። እኔ ከማውቃቸው የስም ታሪኮች ሁሉ ይሄንን ነው ምወደው። ኮፊ ሚባል አካን፣ አርብ የተወለደ ማለት ነው፣ በባርነት ማሳቹሴትስ ተወሰደ፣ የጌታው ስም ስሎከም ስለነበር ኮፊ ስሎከም ተባለ፣ በኋላ ነጻ ወጣና የአካባቢውን ነባር የአሜሪካ ተወላጅ ሴት አግብቶ ልጆች ወለደ። ከልጆቹ አንዱ ፖል ነው፣ በ1759 የተወለደ፣ የመርከብ ካፒቴንና ባለ ሀብት ሆነ። ይሄ ፖልና ወንድሞቹ ታዲያ የጌታውን ስም ጣሉና የአባታቸውን የመጀመሪያ ስም የቤተሰብ ስማቸው አረጉት፣ ፖል ከፊ ተባለ። ያው እኛ ሁሌም የምናረገውን፣ ልጅ በአባቱ የመጀመሪያ ስም መጠራት፣ እነሱ አሜሪካ ላይ ጌታቸውን ለመፋቅ አረጉት። በ1815 ደሞ በራሱ መርከብ 38 ጥቁሮችን አሳፍሮ ወደ ሴራሊዮን ይዟቸው ሄደ። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ስም ላይ «መነሻው አሜሪካ» ብቻ ብሎ መጻፍ በውነት ሼም ነው።

ከጆም እንደዛው ነው፣ ጃማይካ ውስጥ ማሩን የሚባሉት ከባርነት ያመለጡ ሰዎች መሪ ከጆ ነው በ1739 እንግሊዞችን አስገድዶ የሰላም ውል ያስፈረመው፣ ዛሬ ትሪኒዳድና ቶቤጎ ውስጥ ከጆ የቤተሰብ ስም ሆኖ ታገኙታላችሁ። ጋያና በ1763 የበርቢስን የባሮች አመጽ የመራው ከፊ ብሄራዊ ጀግናቸው ነው፣ ጆርጅታውን ላይ ሀውልት አለው። ኳሺ፣ ኳኮ፣ ኳሚና፣ ሁሉም የቀን ስሞች ናቸው፣ እሁድ፣ ረቡዕ፣ ቅዳሜ። እነዚህን አንድ ላይ አያይዞ ሚያሳይ ካርታ ቢሰሩ እኔ ራሴ ዶላር ፈልጌ እከፍል ነበር።

አሁን ደሞ ወደ አስቂኙ። አናን ብላችሁ ጻፉ። ዌብሳይቱ «የስኮትላንድ ስም፣ ደቡብ ስኮትላንድ ካለው አናን ከተማ የመጣ» ይላል። ውሸት አይደለም፣ እንደዛ ሚባል ከተማም ስምም አለ። ግን ዓለም ሚያውቀው አናን ኮፊ አናን ናቸው፣ የተባበሩት መንግስታት ዋና ጸሀፊ የነበሩት፣ በወጣትነታቸው እዚህ አዲስ አበባ ኢሲኤ፣ የተመድ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የሰሩት፣ በ1938 ኩማሲ የተወለዱት። ኮፊ የተባሉት አርብ ስለተወለዱ ነው፣ መሃል ላይ አታ ሚል ስምም ነበራቸው፣ መንታ ማለት ነው፣ መንትያ እህት ነበረቻቸው። ብዙ ቦታ «አራተኛ ልጅ ስለሆኑ አናን ተባሉ» ተብሎ ተጽፎ ታገኛላችሁ፣ ግን አባታቸውም ሄንሪ ሬጂናልድ አናን ነበሩ፣ ስሙ ከአባት ወርዶ ነው የመጣው፣ ከላይ እንዳልኩት የተመዘገበ ቀን ቆሞ የቀረ ስም ነው። ዌብሳይቱ ታዲያ የስኮትላንዱንም የጋናውንም አናን አንድ ላይ ደምሮ አንድ ካርታ ሰርቷል፣ ስኮትላንዳዊ ገበሬና የፋንቴ ዓሳ አጥማጅ የአጎት ልጆች ሆነው ቁጭ ብለዋል።

ይሄ መደባለቅ የባህር ዳርቻው ስሞች ላይ ይብሳል፣ ምክንያቱም እዛ አውሮፓውያን ብዙ ዘመን ቆይተዋል። ሆላንዶች ኤልሚናን ከ1637 እስከ 1872 ይዘዋት ነበር፣ ዴንማርኮች አክራ ያለውን ኦሱ ግንብ ለእንግሊዝ የሸጡት በ1850 ነው። ቫንደርፑዬ ሚባል የጋና ስም አለ፣ የአክራ ከንቲባም ነበር በዚህ ስም፣ ዌብሳይቱ ሆላንድ ብሎ ይዘጋዋል። አርተር ጋና ውስጥ በጣም የተለመደ ስም ነው፣ ዌብሳይቱ ላይ ግን ስለ እንግሊዝ ንጉስ ነው ሚያወራላችሁ። ኳስ ተጫዋቾቹ ኢኛኪ ዊሊያምስና ወንድሙ ኒኮ፣ ስፔን ቢልባኦ ሚጫወቱት፣ ወላጆቻቸው ሰሀራን አቋርጠው ስፔን የገቡ ጋናውያን ናቸው፣ የኢኛኪ ሙሉ ስም ኢኛኪ ዊሊያምስ አርተር ነው፣ ስፔኖች የእናትንም ስም ስለሚጨምሩ። አንዱ ለጋና ሌላው ለስፔን ነው ሚጫወቱት፣ ዊሊያምስም አርተርም ዌብሳይቱ ላይ ከብሪታንያ ንቅንቅ አይሉም። ቦአቴንግ ላይ ግን ጎበዝ ነው፣ ሚቀላቀልበት የፈረንጅ ስም ስለሌለ መሰለኝ። ጋና፣ እንግሊዝ፣ ጀርመን፣ ሆላንድ ቁልጭ ብለው ይታያሉ፣ በ2002 እንግሊዝ ውስጥ የመጀመሪያው ጥቁር የካቢኔ አባል የሆኑት ፖል ቦአቴንግ፣ የለንደኑ ልብስ ሰፊ ኦዝዋልድ ቦአቴንግ፣ በርሊን የተወለዱት ጀሮምና ኬቨን ፕሪንስ፣ በ2010ሩ የዓለም ዋንጫ አንዱ ለጀርመን አንዱ ለጋና ተሰልፈው የተፋጠጡት። ያንን ጨዋታ እዚህ ፒያሳ ሻይ ቤት ውስጥ ቆመን ነው ያየነው፣ ኦዚል ነው ያገባው፣ ቤቱ በሙሉ ጋናን ነበር ሚደግፈው።

አንድ ቦታ ላይ ግን ራሴን ማየት አልቀረም። የራሴን አባት ስም ስጽፍ ኢትዮጵያ ደመቀች፣ እስራኤልም በጎን። ዌብሳይቱ «ይህ የቤተሰብ ስም ኢትዮጵያ ውስጥ በብዛት ይገኛል» ይላል፣ የኔ አባት ስም የኔ ልጅ ላይ እንደማይወርድ አያውቅም ማለት ነው። እስራኤል ላይ ያለው ግን ልክ ነው፣ ከወለቃና ከዚህ አካባቢ በ1984 እና በ1991 የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን እዛ ሲመዘገቡ የቤተሰብ ስም አምጡ ተብለው ብዙዎቹ የአያታቸው ስም ነው የቆመላቸው፣ አያትየው ጎንደር ገጠር ውስጥ በሬ ሲነዳ ስሙ የዘር ስም ይሆናል ብሎ አላሰበም። የጋናውን ጉዳይ ቶሎ የተረዳሁት ለዛ ይመስለኛል። በነገራችን ላይ በ1541 ከነ ክሪስቶቫው ዳ ጋማ ጋር የመጡት 400 ገደማ ፖርቹጋሎች ከሞት የተረፉት እዚሁ አግብተው ወልደው ቀርተዋል፣ ጎንደር ላይ ግን አንድ ዳ ጋማ አታገኙም፣ ኤልሚና ቢሆን ኖሮ እስካሁን ዳ ጋማ ሚባል ጠበቃ አይጠፋም ነበር። እኛ ጋ ስም በሁለት ትውልድ ተቀይሮ ያልቃል።

ሚከፈልበት ክፍል። እትዬ መንሳህ ከፍለው ያገኙት የእንግሊዝ ህዝብ ቆጠራ፣ የአሜሪካ የመርከብ ተሳፋሪ ዝርዝር፣ የአውሮፓ የቤተክርስቲያን መዝገብ ነው። የጋና መዝገብ ብሎ የሰጣቸው አንድም ነገር የለም፣ ፍለጋው ውስጥ ጋናን መምረጥ ይቻላል፣ ከመረጣችሁ በኋላ ባዶ ገጽ ይመጣል። አናን ብለን ስንሞክር የስኮትላንድ የጥምቀት መዝገብ ገጽ በገጽ ዘረገፈልን። ሴትዮዋ ራሳቸው ስልካቸው ላይ ያለችው የተቀደደች ወረቀት ከዛ ሁሉ ትበልጣለች። ደሞ ለአንድ ወር ብለው የከፈሉት በራሱ ጊዜ እየታደሰ ሦስት ወር ከካርዳቸው ቆርጧል፣ ለመሰረዝ ኢሜይል ጽፈው መልስ አልመጣም፣ መሰረዣውን ያገኘው ልጃቸው ነው፣ አካውንት ውስጥ ገብቶ፣ ከዛ ክፍያ፣ ከዛ ታች ወርዶ በግራጫ ትንሽ ፊደል የተጻፈች ነገር አለች፣ እሷን ተጭኖ ሦስት ጊዜ «እርግጠኛ ነዎት» ተብሎ። እዚህ ካለን ሰዎች መቼም ዶላር ሚከፍል ካርድ ያለው ጥቂት ነው፣ ውጭ ያለ ዘመዳችሁን አስከፍላችሁ ግን እንዳታስቸግሩት።

ነጥብ ልስጥ፦ ካርታው ከአምስት አራት፣ የስም መነሻው አንድ ተኩል (ግማሿ ለቦአቴንግ)፣ ሚከፈልበት ዜሮ። የሚሰራው በስልክም በላፕቶፕም ነው፣ ስልክ ላይ ማስታወቂያው ስለሚሸፍነው ካርታውን ወደ ጎን አዙራችሁ እዩት። አስጎብኚ ጓደኞቼ፣ ዝርዝር ሲመጣላችሁ የአገሩን ስርጭት ብቻ እዩና ትርጉሙን ለእንግዳው አትንገሩት፣ ጠይቁት፣ ጋናዊ ከሆነ በየትኛው ቀን እንደተወለደ ብቻ ጠይቁት፣ የቀረውን እሱ ራሱ ይነግራችኋል፣ እራት ይደርሳል።